በካባው ገበር የተሰፋው ክር

ትናንት የገዛሁት የኬክ ካርቶን በቀይና በነጭ በተገመደ ቀጭን ክር ታስሮ ነበር። ልቆርጠው መቀስ ሳነሳ እጄ እምቢ አለኝ። ይኼ ሁሉ ዓመት አልፎ አንዲት ብጣሽ ክር መቀስ ታስጥለኝ? ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።

ያኔ እናቴ በረዶ በማይጥልበት በዚህ ከተማ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ከከፈተች ገና ዓመት አልሞላትም። ጠባብ ሱቅ ነበረች፤ አዲስ ጥጥና የጋለ ካውያ ይሸት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ የተሰቀሉትን ነጠላዎች ታሞቃቸዋለች። ከመጋረጃው በስተጀርባ የምትሠራው ልብስ ሰፊ ሩማንያዊት ነበረች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ዌስት አዳምስ ሰፈር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ስለ ሐበሻ ቀሚስ ምንም ሳታውቅ መጥታ፣ ብዙም ሳትቆይ ጥለት ስታያይዝ መገጣጠሚያውን ፈልጎ የሚያገኝ ጠፋ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ጋ ነበር የምውለው። የሷም የእናቴም እንግሊዝኛ ስብርብር ያለ ስለነበር፣ ቁም ነገር ሲሆን የሚያግባባቸው የእኔ አፍ ነው።

ማርች የባተ ዕለት ለእናቴም ለእኔም ራሷ የገመደችውን ቀይና ነጭ ክር ሰጠችን። ማርጺሾር ይባላል አለች። በአገሯ ጸደይ ሲገባ ሴት ሁሉ ታስረዋለች፤ ነጩ የሚሄደው በረዶ፣ ቀዩ የምትመጣው ፀሐይ ነው፤ ዛፍ ሲያብብ ደግሞ ፈትተው ቅርንጫፉ ላይ ይሰቅሉታል።

«እዚህ አገር የቱን በረዶ ነው የምትሸኘው በያት» አለችኝ እናቴ እየሳቀች። ስተረጉምላት ሰፊዋም ሳቀች። ብቻ ስጦታውን በእኛ ብታበቃ ምናለበት!

ዐቢይ ጾም ሊገባ ስለነበር የሚያገባ ሁሉ የሚጣደፍበት ሰሞን ነው። የመጨረሻው ሰርግ ቅዳሜ ሊሆን፣ ዓርብ ከሰዓት የሙሽሪት እናት ልጇን ይዛ እኛ ጋ የተሰፋውን የሙሽራ ካባ ልትወስድ መጣች። እሷ ማለት በቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ዘንድ ቃሏ መሬት ጠብ የማይል ሴት ናት፤ የእናቴ ደንበኞች ሁሉ በሷ በኩል የመጡ ናቸው። ካባውን በእጇ እየዳበሰች ሳለ ድንገት ጣቷ ቆመ። ገበሩን ገለበጠችው። ልክ በልብ በኩል፣ ቀይና ነጭ ክር ተቋጥሮ ተሰፍቷል።

ሰፊዋ በውጭ ብትሰካው ኖሮ ጌጥ ይሆን ነበር። እሷ ግን የካባውን ወርቅማ ጥልፍ እንዳያበላሽ ብላ ውስጥ ሰፋችው። ውስጥ የተደበቀ ቋጠሮ ደግሞ በእኛ ሰው ዘንድ ስሙ አንድ ነው።

«መተት!» አለች የሙሽሪት እናት። ካባው ከእጇ ወደቀ።

ሰፊዋ ጩኸቱን ሰምታ ከመጋረጃው ወጣች። የሙሽሪት እናት ወደ እኔ ዞረች። «ንገሪያት! ማን ነው የላከሽ በያት!»

የምወዳትን ሴት እንዲህ ብዬ እንዴት ልጠይቃት? ክሩ ለምን እንደሆነ ብቻ ጠየቅኋት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መለሰችልኝ።

«ለመልካም ዕድል ነው ትላለች» አልኩ።

«ያደረገ ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው!» ወደ እናቴ ዞረች። «ትልቋ ልጄ እኮ አዳራሽ ተይዞ፣ ካርድ ተበትኖ ነው ሰርጓ ካንስል የሆነው። ትራሷ ውስጥ ምን እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ? ቋጠሮ! ዛሬም ሩሟን ዘግታ ነው የምትውለው። አሁን ደግሞ በዚችኛዋ?»

ያን ጊዜ ጠላኋት። ዛሬ ራሴ እናት ሆኜ ሳስበው ግን አንጀቴን ትበላኛለች።

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሰርጌ እኮ ነገ ነው» አለች ሙሽሪት እያለቀሰች።

«ዝም በይ አንቺ! ሶ ስሚኝ» አለች ለእናቴ፣ «ወይ ይቺን ሴትዮ አሁኑኑ ታስወጫታለሽ፣ ወይ ከቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት እዚህ ደጅ አትደርስም።»

እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ሱቁን የከፈተችው ፓርኪንግ ቤት ስትሠራ ያጠራቀመችውን ሁሉ አፍስሳ ነው። አሁን ታስወጣታለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ እናቴ መሬት ተንበርክካ የካባውን ስፌት በመቀስ ጫፍ ትተረትራለች። ክሩን አወጣች። ከዚያ ሁላችንም እያየናት በገዛ እጇ አንጓ ላይ ጠመጠመችውና በጥርሷ ስባ ቋጠረችው።

«እትዬ፣ ለልጅዎ የታሰበ ክፉ ነገር ካለበት ለእኔ ይሁን» አለች። «እሷ ግን ከዚህ ቤት አትወጣም።»

የሙሽሪት እናት የእናቴን አንጓ አየችው። ከዚያ ካባውን አንስታ አቅፋ፣ ልጇን ይዛ ወጣች።

ሰርጉ በሰላም አለፈ። ወሬው ግን ከሰርጉ ቀድሞ ነበር የተዳረሰው። ፋሲካ ደረሰ፣ የፋሲካ ቀሚስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው የለም፤ በጋውን ሳናጋምስ ሱቁ ተዘጋ። እናቴ ወደ ፓርኪንጉ ተመለሰች፤ ሰፊዋ ልጇ ወዳለበት ስቴት ሄደች፤ ጥቂት ዓመት ደውላልን አንድ ቀን ስልኳ ዝም አለ። እናቴ ስለዚያች ሱቅ ስታማርር ሰምቻት አላውቅም።

በዚያ ዓርብ ግን ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። በሩ እንደተዘጋ ወደ ኋላ ዞር ስንል፣ ሰፊዋ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች። ማንም ሳይተረጉምላት መባረሯ ነው ብላለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እናቴ ግን አልጠበቀችኝም። ወደ እሷ ሄደች፣ ቦርሳውን ከትከሻዋ አወረደች፣ ከዚያም፣ ከትምህርት ቤት ስመጣ ለእኔ እንደምታደርገው፣ የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታችላት።