ሰዓት ሠሪው እና የሚስቱ ምንጣፍ

ሰዓት ሠሪው ሚስቱን ሲቀብር አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም። ጉድ ነው፣ ተባለ። እሱም በራሱ ተገርሟል። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሱቁን ይከፍታል፤ በቃ። ውስጡ ባዶ ሆኖ ቀርቷል።

ከእሷ የቀረችለት አንዲት ነገር ነበረች። በጓሮው ዛፍ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ሣር እንኳ እምቢ ባለበት መሬት ላይ ሚስቱ የተከለችው ሐረግ ነው። መሬት ለመሬት እየተሳበ ትንንሽ ሰማያዊ አበባ ያወጣል። "ምንጣፌ" ትለው ነበር። ይሄ ከደረቀ ደግሜ ቀበርኳት ማለት ነው ብሎ ሰጋ። ሌላው ነገሯ ሁሉ ትዝታ ነው፤ ለምሳሌ ፀጉሯን የምታስይዝበት፣ እንደ ሹካ የታጠፈው የፀጉር ሽቦዋ። በየወሩ እየገዛ ያመጣላት ነበር፣ በየወሩ ይጠፋል። "ፀጉርሽ ነው እንዴ ሽቦ የሚበላው?" ሲላት ትስቅ ነበር።

ታዲያ ሐረጉን እንዴት ተንከባከበ? ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲሞላ የኖረ ሰው ሌላ ምን ያውቃል! ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ባልዲ ውሃ፤ ዝናብ ቢዘንብም አይቀርም። ቅጠሉ መጥቆር ሲጀምር፣ ጠምቶት ነው ብሎ ሁለት ባልዲ አደረገው።

ልጁ ልትጠይቀው የመጣች ዕለት ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከትታ አወጣች። ጭቃ ነው።

"ኧረ አባዬ! ጥላ ውስጥ ያለ ተክል ቶሎ አይጠማውም እኮ። እማዬ አፈሩን በጣቷ ሳትነካ አታጠጣም ነበር። አበሰበስከው!"

እኩላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኼ ነው። ልጁ ስትሄድ ተንበርክኮ የበሰበሰውን በእጁ ይጠርግ ጀመር። ጣቱን አንድ ነገር ወጋው። የፀጉር ሽቦ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ለካ ሐረጉ ሥር እንዲሰድ እየተሳበ በሄደ ቁጥር በሽቦ ከአፈሩ ጋር ታያይዘው ኖሯል! ባልዲው ባልደረሰበት በአጥሩ ጥግ ሦስት ሽቦ የያዘው አንድ ክንድ የሚሆን ሐረግ አለ፤ አረንጓዴ ነው።

እጁን ሳይታጠብ ወደ ሰፈሩ ሱቅ ሄደ።

"የፀጉር ሽቦ ስጪኝ።"

ባለሱቋ ደንገጥ አለች። የሚስቱ ቀብር ላይ ነበረች። "ለልጅዎ ነው?"

"ለሚስቴ" አለና እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።