የግርማ አክሲዮንና የእኔ ደብተር

ይህ የሆነው ኩባንያዎች በተወረሱ ሰሞን ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ እኔን ግን ዛሬም ክረምት በመጣና ሰው ጃንጥላ በዘረጋ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ያኔ ፒያሳ ውስጥ የጽሕፈትና የሒሳብ መኪና የሚጠግን ኩባንያ ውስጥ ቴክኒሻን ነበርኩ። ጓደኛዬ ግርማ ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ይሠራ ነበር። ኩባንያው ከመወረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ባለቤቱ ሁለታችንን ጠርቶ፣ ወይ የደመወዝ ጭማሪ ወይ በምትኩ የኩባንያውን አክሲዮን ምረጡ አለን። ግርማ ሚስቱ እርጉዝ ስለነበረች ጭማሪው ይሻለኛል አለ።

እኔ ደግሞ ካልሲ እንኳ ሦስት ሱቅ ሳልጠይቅ የማልገዛ ሰው ነኝ። ሳምንት ሙሉ ምሳዬን እየተውኩ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ያሉትን ጥገና ቤቶች ዞርኩ። የእኛ ቢጤ ባለሙያ ምን ያህል እንደሚከፈለው ጠየቅኩ። አክሲዮን የሚያገበያዩ አንድ ሽማግሌም ያለፉትን ዓመታት ዋጋ ነገሩኝ። ሁሉንም በኪስ ደብተር ጻፍኩ። ደመወዛችን ከሌሎቹ አያንስም፤ አክሲዮኑ ግን በየዓመቱ ጨምሯል።

ደብተሩን ለግርማ አሳየሁትና፣ “ጭማሪው በየወሩ ተበልቶ ያልቃል፤ ይኼ ግን ለልጅህ ይተርፋል” አልኩት። አመነኝና ፈረመ። እኔ ብልጡ ግን አገሩ ሲታመስ ዋጋው ረገብ ይላል፣ ያኔ ብዙ ይደርሰኛል ብዬ ሳልፈርም ቆየሁ።

ከዚያ ነገር ዓለሙ ተገለባበጠ። ኩባንያው በተወረሰ በሳምንቱ ተሰብስበን የባለአክሲዮኖች ስም ተነበበ። ከሠራተኛው የተጠራው ግርማ ብቻ ነበር። አዲሱ ኃላፊ ከበርቴ ከወዛደር ጋር አይሠራም አለ። ግርማ አክሲዮኑን የወሰደው በደመወዝ ጭማሪ ፈንታ መሆኑን አስረዳ። ኃላፊውም፣ “ይህን የሚያውቅ ካለ ይነሣና ይመስክር” አለ።

ግርማ ዞሮ አየኝ። ደብተሩ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ብነሣ አንተስ ዋጋ ስታጠና የከረምከው ለምንድን ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አንገቴን ደፋሁ። እሱም ስሜን አልጠራም። በዚያው ዕለት ከሥራ ተባረረ፤ እኔም ማታውኑ ደብተሩን ሽንት ቤት ጣልኩት።

ከዓመታት በኋላ አንድ ክረምት ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጃንጥላዬ ተሰበረብኝ። ጥግ ይዞ ጃንጥላ ወደሚጠግን ሰው ጠጋ ብል ግርማ ነው። ጣቶቹ እንደ ድሮው ፈጣን ናቸው። ሰላም አለኝ፤ ቤተሰቤን ጠየቀኝ። እኔ ስለ ልጁ እንኳ ሳልጠይቀው የተሰበረውን ጃንጥላ አቀበልኩት። ጠግኖ ሲሰጠኝ፣ ማለት የነበረብኝን ሁሉ ትቼ ስንት ነው አልኩት።

“እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? መጀመሪያ ማዶ ያሉትን ዞረህ ጠይቅ፤ ጽፈህ ና” አለኝ። አልሳቀም።

ብሩን አልቀበልም አለ። አክሲዮኑን የወሰደበት መንግሥት ነው፤ ያን ቀን የእኔን አፍ የያዘው ግን ማንም አልነበረም። ጃንጥላው አሁንም ቤቴ አለ፤ ደህና አድርጎ ነው የሠራው። ዝናብ ሲመጣ ግን ሌላ ይዤ እወጣለሁ።