ሁለት ያዘዘው ሰውዬ

በ2008 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዓይኔም ልቤም ደህና ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሰማ ሁሉ «ሽማግሌው ተምታቶበት ነው» ስለሚል ነው። አልተምታታብኝም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢጎረብጥ ጎርብጦ ይነበብ። ነገሩ ግን እንደምነግራችሁ ነው።

የሐረር ሰው ነኝ፤ አያቴም የተቀበሩት እዚሁ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ምሳዬን የምበላው ውጭ ነበር። ወደ ኤረር በር በሚያወርደው መንገድ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። በዙሪያው አምስት ትንንሽ ወጥ ቤቶች አሉበት፤ አንዱ ፉል፣ አንዱ ሩዝ፣ አንዱ ሳምቡሳ እያለ ይሄዳል። ጠረጴዛው የሁሉም ነው። ከፈለግህበት ገዝተህ ከፈለግህበት ትቀመጣለህ።

ጥጉ ላይ ያለችው ሰሚራ ናት። የሐረር ልጅ ናት፤ አሜሪካ የሜክሲኮ ሰዎች ምግብ ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች። ቦሎቄ ቀቅላ ትደፈጥጥና፣ ሩዝና ቲማቲም በቃሪያ ጨምራ፣ በስስ ቂጣ ትጠቀልለዋለች። ስሙ ቡሪቶ ነው። መጀመሪያ ቀን «ይኼ ቂጣ በቦሎቄ ነው። ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርሽው?» አልኳት።

«ይቅመሱትና ይስደቡኝ፣ አባባ» አለችኝ።

ቀመስኩት። አልሰደብኳትም።

ሥጋ የሚባል አታስገባም። «ሥጋ ካገባሁ ግማሹ ሰው ይቀርብኛል። የእስላም ቢሆን እርስዎ አይበሉም፤ የክርስቲያን ቢሆን አባቴ አይበላም» ትላለች። እውነቷን ነው። እኔም ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ከእሷ ዘንድ አልጠፋም ነበር።

አሁን ስለ ወንድሜ ልናገር፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ታደለ ይባላል። በአንድ ዓመት እበልጠዋለሁ፤ መልካችን ግን አንድ ነው። እናታችን እንኳ ከኋላ ስታየን ስማችንን ትስት ነበር። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ዘምቶ በዚያው ቀረ። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። እናቴ በየማዕዱ ድርሻውን ታስቀምጥለት ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ። ያ ድርሻ ደርቆ ሲጣል ማየት አልቻልኩም።

በኋላ አንድ ወታደር አገኘሁ። «ከዚያ ቦታ የተረፈ ሰው አላየሁም» አለኝ። ያለኝ ይኸው ብቻ ነው። እኔ ግን ቤት ገብቼ «ሞቷል፤ የቀበረው ሰው በአፉ ነገረኝ» አልኩ። ለቅሶ ተቀመጥን። ድርሻው ቀረ። እናቴ ጥቁሯን ሳታወልቅ በሦስተኛው ዓመት አረፈች። እህቴ አስካለ አንድ ጊዜ ብቻ «የቀበረው ሰውዬ ስሙ ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጮህኩባት። ከዚያ ወዲያ እሷም አልጠየቀች፣ እኔም አላነሳሁ።

እንግዲህ ያ ቀን ዓርብ ነው። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ወንዱ ሁሉ ጁምዓ ሄዶ መንገዱ ጭር ብሏል። የግቢው በር ላይ ዘበኛው ኦቦ ሙሜ ብቻውን ተቀምጧል። እግሩን ስለሚያመው መስጊድ አይሄድም።

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት ጊዜ ነው የምትገባው?» አለኝ።

«ምን?»

«ቅድም ገባህ። ስትወጣ አላየሁህም። አሁን ደግሞ ከውጭ ትመጣለህ። አጥር ዘለልክ እንዴ፣ በዚህ ዕድሜህ?»

«ጫቱን ቀንስ» ብዬው አለፍኩ።

ግቢው ውስጥ አንድም ተመጋቢ የለም። ባለ ወጥ ቤቶቹ ሁሉ ለሶላት ሄደዋል፤ ድስቱ ተከድኗል፣ ወንበሩ ባዶውን ቆሟል። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ይንጠባጠባል። ሰሚራ ብቻ ናት ያለችው። ተቀምጬ ገና አፌን ሳልከፍት አንድ ሳህን አምጥታ ፊቴ አኖረች።

«አላዘዝኩም እኮ» አልኳት።

«አዝዘዋል እንጂ። ሁለት አላሉኝም? አንዱን በልተው ጨረሱ፤ ይኼ ሁለተኛው ነው።»

«ማን ነው የበላው?»

ሳቀች። «እርስዎ ነዎት እንጂ ማን ሊሆን? ‹አንዱን ለታላቄ አቆዪልኝ፣ ይደርሳል› አሉኝ። እኔም በልቤ፣ እኚህ ሰው ደግሞ ታላቅ አላቸው እንዴ ብዬ ገረመኝ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ብለው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ድምፅዎ ጎርነን ሲልብኝ ጉንፋን ይዞዎት መስሎኝ...»

እዚህ ላይ ቆመች። የለበስኩትን ኮት አየችው። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ቅድም ኮት አልለበሱም ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«የት ነው የተቀመጠው?» አልኳት።

ግድግዳው ሥር ያለውን ጠረጴዛ አሳየችኝ፤ እሷ ግን አልተከተለችኝም። ሳህኑ ገና አልተነሳም። ቦሎቄው ተበልቷል። አጠገቡ አንድ ኩባያ ተደፍቷል። ኩባያውን አነሳሁት። ከሥሩ የቂጣ ቁራሽ አለ፤ አራት ቦታ ታጥፏል።

ታደለ ልጅ ሳለ ቂጣ ሲበላ የመጨረሻዋን ቁራሽ አራት ቦታ አጥፎ ከኩባያ ሥር ይደብቃት ነበር። ለእናታችን ነው። ለእኛ አዳርሳ ለራሷ እንደማይተርፋት ያውቃል። እኔ እየሰረቅኩ እበላበት ነበር። ይህን የምናውቅ በዓለም ላይ እኔ፣ እሱና አስካለ ነን። ሰሚራ ያኔ አልተወለደችም።

ወንበሩን ነካሁት። ሞቅ ይላል። ቦታው ደግሞ ጥላ ነው፤ ፀሐይ አያገኘውም።

ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ሳሙናው እርጥብ ነው፣ ሰው የለም። ከቧንቧው ጎን ወደ ታች የምታስወጣ ጠባብ በር አለች፤ ክፍት ናት። በእሷ ወጣሁ። የከተማውን ቅጥር ይዤ በጠባቡ መንገድ ስወርድ አንድ ነፍስ አላገኘሁም። የራሴ እግር ድምፅ ከፊቴ የሚሄድ ይመስለኝና እቆማለሁ፤ ስቆም እሱም ይቆማል።

ኤረር በር ላይ ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴትዮ ተቀምጣለች።

«ምን ረሱ፣ አባባ?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አሁን በዚህ ወርደው የለም እንዴ? ሰላም ብልዎት እንኳ ዝም ብለውኝ አለፉ።»

ወደ ታች አየሁ። ከበሩ ወዲያ መንገዱ እስከ ሩቅ ድረስ ይታያል። ሰው ቀርቶ አህያ የለበትም። «ታደለ» ብዬ ተጣራሁ። ስሙን ጮክ ብዬ ስጠራ ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሴትዮዋ የኦቾሎኒ ቁናዋን ወደ ራሷ ሳበች።

አንዳንዱ መንፈስ ነው ይለኛል። አልቀበልም። የሞተ ሰው ቦሎቄ አይበላም፤ ሳሙና አያርስም። በሕይወት አለ እንዳልል ደግሞ ያን ገላጣ መንገድ በምን እግሩ ጨረሰው? ይደርሳል ካለስ ለምን አልጠበቀኝም? ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓርብ እዚያው ግቢ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ፤ አልመጣም። ሰሚራም እስከ ዛሬ ሰላም የምትለኝ መጀመሪያ ኮቴን አይታ ነው። እኔ እሱን አልፈራም። የምፈራው ያን ቀን ቤት ገብቼ የተናገርኩትን ነው። አንድን ሰው በአፌ ቀብሬ፣ እናቴን በዚያው አስከትዬ፣ ይኸው ስበላ ስጠጣ ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ሐኪም ወደሚባለው ጋራ ወጣሁ፤ አስካለ የምትኖረው እዚያ ነው። በሯ ላይ ደርሼ ላንኳኳ እጄን አነሳሁና መለስኩት። በዚያ ሰዓት ደጅ የሚመታ መርዶ ነጋሪ ነው። አንድ ጊዜ በሐሰት አስለቅሻታለሁ፤ ሁለተኛ አላስደነግጣትም ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ብርዱ አጥንቴ ገባ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ዶሮዎቿን ልትለቅ ራሷ ከፈተችው።

አየችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «የቀበረው ሰውዬ የሚባል አልነበረም፣ አስካለ። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ግባ አላለችኝም። ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።