በሕይወት ለመኖሬ ምስክር

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ጸሐፊው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። የሟች ወንድሜ ሚስት በሩ አጠገብ ቆማለች። ጡረታ የወጡት አስተማሪ ጎረቤታችን መስኮቱን ተደግፈዋል። የእድራችን ሰብሳቢና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑት አዛውንት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። እኔ መሃል ላይ፣ በክፍሉ በነበረችው አንዲት ትርፍ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ተነሥቼ ለሽማግሌው ልለቅ ብል ሁሉም ከለከሉኝ።

የመጣነው በሕይወት መኖሬን ለማስመስከር ነው። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረታዬን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ቅጽ ይልካል። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ በሕይወት አለሽ ወይ? የምትኖሪውስ የት ነው፣ ከመቼስ ጀምሮ? በዚያ አገር ሕግ በዓመት ከስድስት ወር በላይ ውጭ የኖረ ጡረተኛ ከጤና መድኑ ይወጣል፤ ግብሩም በሌላ መንገድ ይቆረጥበታል። ግብሩ አላስጨነቀኝም። ልቤ ውስጥ ግን ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስዳለሁ፤ መጠኑ የሚስተካከለው በደም ምርመራ ነው። እዚህ ነቀምት ምርመራው አንዳንድ ወር ይገኛል፣ አንዳንድ ወር ኬሚካሉ አልቋል ይባላል። አዲስ አበባ ሄጄ እንዳልመረመር መንገዱ ባሰኘኝ ጊዜ የሚኬድበት አይደለም። ያን ቀን ከመጣሁ አምስት ወር አልፎኝ ነበር።

«አዴ፣ አካም ጅርቱ?» አለኝ ጸሐፊው በኦሮምኛ፤ «እንዴት አሉ?» እንደ ማለት ነው። «መኖርዎንስ እኔም እያየሁ ነው።»

«ትናንት ወጡ ጨው በዛበት ብላ ተቆጥታኛለች። የሞተ ሰው ጨው በዛ አይልም» አለች የወንድሜ ሚስት።

ሳቁ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ።

«ነዋሪነታቸው ከመቼ ጀምሮ ነው ልበል?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው መለሱ። «እሷ መቼ ሄደችና! እኔ ነኝ በየወሩ ስም የምጠራው። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።»

እድራችን አገር የለቀቀን ሰው ከመዝገብ አይሠርዝም። ስሙ ሲጠራ ከቤተሰቡ አንዱ ስለ እሱ «አቤት» ይላል። ስለ እኔ ወንድሜ ሲል ኖረ፤ እሱ ሲሞት ሚስቱ ተተካች።

«እውነት ነው፣ አለች» አሉ አስተማሪው።

«ጉሮሮዬ እስኪነቃ አቤት ያልኩት እኔ አይደለሁ?» አለች የወንድሜ ሚስት።

ጸሐፊው እየሳቀ ጻፈ። ማኅተም ከመምታቱ በፊት በኦሮምኛ አነበበልን፤ ከተወለድኩ ጀምሮ የጨለለቂ ክፍለ ከተማ ቋሚ ነዋሪ እንደሆንኩ ይላል። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ምን እንደሚያስከትልብኝም አውቄ ነበር። ግን እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ትተው መጥተው ሳለ፣ በፊታቸው እንግዳ ነኝ ማለት ከበደኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አመሰገንኩ።

ሦስት ቀን ሳልልከው መሳቢያዬ ውስጥ ቆየ። በአራተኛው ቀን ላቦራቶሪ ሄጄ ኬሚካሉ እንደሌለ ተነገረኝ። ከዚያው ወደ ሽማግሌው ቤት አቀናሁ። ግቢያቸው ውስጥ የመጥረቢያ እጀታ ይጠርቡ ነበር። በርጩማ አቀረቡልኝ።

«ኦቦ፣ ያ ወረቀት እንደተጻፈው ከሄደ ሕክምናዬ ይቆማል» አልኳቸው።

«ለምን? ምን አጠፋን?»

«እዚህ ነው የምትኖረው ስለሚል።»

«ታዲያ የት ነው የምትኖሪው?»

ስለ ቫልቩና ስለ ስድስቱ ወር ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እዚያ ማን አለሽ?»

«ሐኪም አለኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«ሌላ የለም።»

እጀታውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እንግዲህ ነገ ሄጄ አልነበረችም ልበል?»

«አዎ፤ ግን ለቀበሌው ብቻ ነው።»

«የቀበሌውና የእድሩ ሰው አንድ ነው፣ ኦቦሌቲ ኮ፣ እኅቴ። ስሟ ሲጠራ አለች እያልኩ፣ ስጠየቅ የለችም ልል ነው።» እጀታውን መልሰው አነሡ። «እሄዳለሁ። ሞተሽ ከምጠራሽ ይሻላል።»

በማግሥቱ እዚያው ክፍል ተገኘን። ያን ቀን የቀለደ አልነበረም። አስተማሪው ወደ ውጭ ያያሉ። የወንድሜ ሚስት አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ባለፈው የተናገሩት ስሕተት መሆኑን፣ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ እንዳልነበርኩ፣ የመጣሁትም ከአምስት ወር በፊት መሆኑን ተናገሩ። ጸሐፊው አሮጌውን ወረቀት ቀዶ አዲስ ጻፈ፤ «ቤተሰብ ለመጠየቅ የመጡ፣ ቋሚ ነዋሪ ያልሆኑ» ይላል። ሦስቱም ፈረሙ። ሽማግሌው ብዕሩን ሲመልሱ፣

«ይኸው፣ እንግዳ አደረግንሽ» አሉኝ።

እጃቸውን ለመጨበጥ ተነሣሁ። ጨበጡኝ።

ስድስቱ ወር ሊሞላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ቅጹን ላክሁ፤ ቲኬት ቆረጥኩ። በወንድሜ ግቢ ያሠራኋትን አንዲት ክፍል በር ቀለም ልቀባ አስቤ የነበረውን ተውኩት። ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን ምሳ ላይ የወንድሜ ሚስት ተናገረችኝ።

«እንደ ወፍ ግማሽ ዓመት እዚያ፣ ግማሽ ዓመት እዚህ ልትኖሪ ነው። ብትታመሚ የማላስታምምሽ መሰለሽ?»

«እንደምታስታምሚኝ አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ደሜን መመርመር አትችይም።»

«እሱንስ አልችልም» አለችና ሳህኑን አነሣች።

ጠዋት ሻንጣዬን ይዛ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። መድኃኒቴን የያዘውን ቦርሳ ጭኔ ላይ አድርጌ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ሞላና ወጣን።