ከጀልባዋ ኋላ ያሉት ሁለት ላሜራዎች

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝም የባሌ ሙት ዓመት በወጣ በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ሰባት ሰው እየሰማ ነው። ጥቁር ልብሴን ካወለቅሁ ገና አራት ቀኔ ነበር።

ቃሊቲ ተቀምጦ ጀልባ የሚሠራ ሰው አለ ወይ ብላችሁ እንዳትስቁ። ለሳቁት ሁሉ በየጊዜው መልሼላቸዋለሁ። ባሌና ወንድሙ የጭነት መኪና ካሶኒ የሚሠሩበት ወርክሾፕ ነበራቸው። ዛሬም አለ፤ ግማሹ የእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ማረሚያ ቤት ስንቅ የሚያደርሱ ሴቶች በበሩ ያልፋሉ፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ተሳቢዎች አቧራ ያለብሱታል። ባሌ ዕድሜው ሲገፋ ካሶኒ ሰለቸው። አንድ ጊዜ ለሥራ ዝዋይ ሄዶ ሲመለስ «ጡረታችንን ውሃ ላይ ነው የምናሳልፈው» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ እራት አቀረብኩለት። በሁለተኛው ዓመት ግን ከወርክሾፑ ጥግ ጣሪያ ያላት የብረት ጀልባ ቆማ ነበር። ከፊት ሁለት ሰው የሚተኛበት ጠባብ ክፍል፣ ግራና ቀኝ መቀመጫ፣ ከኋላ ሞተር አላት። ከደሴት ደሴት እየዞርን፣ ያሻን ቦታ እያደርን ልንኖርባት ነበር።

ስትሠራ ሜትር የያዝኩለት እኔ ነኝ። አቃቂ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጥራት ተቆጣጥሬያለሁ፤ ዓይኔ ጠማማ ነገር አያሳልፍም።

ጀልባዋን ዝዋይ አውርዶ አንድ ቀን ብቻ እንደነዳት ታመመ። ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት፣ አልጋ ላይ ሆኖ፣ ደብተሩ ላይ አንድ ሥዕል ሣለ። ከሞተሩ ግራና ቀኝ፣ ከጀልባዋ ኋላ ግርጌ፣ በማጠፊያ የተንጠለጠሉ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው። ዝቅ ሲደረጉ ውሃው ከሥር እየገፋቸው የጀልባዋን ኋላ ያነሣል፤ አፍንጫዋም ይወርዳል። ሞተሩን የሸጠልን ነጋዴ «ትሪም ታብ» ይላቸዋል። እኛ ዘንድ ግን ጠፍጣፋ ብረት ሁሉ ላሜራ ስለሆነ ላሜራዎቹ አልናቸው። ሳይገጥማቸው ሞተ። እኔም አንድ ነገር ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እነዚህ ላሜራዎች ይገጠማሉ። እሱ ጀምሮ የተወው ሌላ ሥራ በእጄ አልነበረም።

ደብተሩን ይዤ ወደ ወንድሙ ሄድኩ። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሥዕሉን አየና መለሰልኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ጌጥ ነው። ለትልልቅ ጀልባ ነው የሚሆነው። ለዚህች ምን ሊፈይድላት?»

«ወንድምህ ጌጥ ሲወድ አይተኸው ታውቃለህ?»

«ይተዉት እትዬ። መጀመሪያ ሐዘንዎ ይውጣልዎት።»

ሐዘኔን ከላሜራ ጋር ምን እንዳገናኘው ዛሬም አልገባኝም። እንዲህ ያለ አነጋገር የሚያቃጥለኝ ርኅራኄ ስለሚመስል ነው፤ ብትቆጪ ባለጌ የምትሆኚው አንቺ ነሽ። ደብተሩን አጥፌ ወጣሁ።

ለሙት ዓመቱ ከወሎ የመጡ ዘመዶች ጀልባዋን እንያት ሲሉ ሁላችንም ወደ ሐይቁ ወረድን። የሚነዳት የባሌ ወንድም ነበር። ሞተሩን ገና ሲያፈጥነው አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀሰረች። ከፊታችን የራሷ ብረትና ሰማይ እንጂ ውሃ የሚባል አይታይም። መረብ ይጥል የነበረ ሰው ባይጮህ ኖሮ በላዩ ላይ እንሄድበት ነበር። የባሌ ወንድም ሞተሩን አቀዘቀዘ፤ ላቡን ጠረገ፤ ዞሮ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ቃኘ። ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ወደ ፊት ይለፉ። እርስዎ ፊት ከተቀመጡማ ላሜራም አያስፈልጋት።»

ሳቁ። የባሌ አክስት እንኳን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አንዱ ዘመድ «መልሕቁንም አውጡት፣ እሳቸው ይበቃሉ!» አለና ሳቁ እንደ አዲስ ተነሣ። ተነሥቼ ወደ ፊት አለፍኩ፤ ተቀመጥኩ። ጀልባዋም ተስተካከለች። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው፤ ባትስተካከል ኖሮ የሚሳቅበት እሱ ይሆን ነበር።

በሳምንቱ ሌላ ወርክሾፕ ሄጄ፣ ማን መሆኔን ሳልናገር፣ በሥዕሉ ልክ ሁለት ላሜራ አስቆረጥኩ። በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ወደ ዝዋይ ተነሣሁ። ረዳቱ «እማማ፣ በር ነው እንዴ የያዙት?» አለኝ። ዝዋይ ላይ ጀልባዋን የሚጠብቅልን ጎልማሳ ዓሣ አስጋሪ አለ። ላሜራዎቹን ሳሳየው እንደ ሌሎቹ አልሳቀም። በብሎንና በሽቦ ለጊዜው አሰራቸውና ሁለታችን ወጣን።

አፍንጫዋ ወረደ። ውሃው ታየኝ። ደስታዬን ፊቴ ላይ እንዳያይብኝ ወደ ደሴቶቹ ዞርኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ነፋሱ ተነሣ፤ ማዕበሉ ከኋላችን ሲመጣ አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ እየተሰካ ግራና ቀኝ ትወላገድ ጀመር። ሰውዬው ሞተሩን አጠፋ። የኋላውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እዚያው የነበሩትን ሁለት የውሃ ጀሪካኖች አንሥቶ ወደ ፊት ወሰደ፤ ላሜራዎቹንም ፈትቶ አወጣና እንደገና ሄድን። ያለ ላሜራ ከመጀመሪያው ተሻለች።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ታዲያ ለምን መጣሁ?»

«ላሜራው ጥሩ ነው። ሰው ሲበዛ አፍንጫዋን ይይዝልዎታል፣ ነፋስ ከጎን ሲያጋድላት አንዱን ብቻ ዝቅ ቢያደርጉት ያቃናታል። ግን እንደዚህ አንድ ቦታ ላይ ታስሮ አይሆንም፤ እየሄዱ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት መሆን አለበት። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ደግሞ ጥቅም የለውም። የእሷ በሽታ ግን ሌላ ነው።» ክዳኑን በእግሩ ነካ አደረገው። «የነዳጅ ታንኩን፣ ባትሪውን፣ ሁሉንም እዚህ ጥግ የወሸቀው ማነው? እንደ ጭነት መኪና ከኋላ ነው እኮ የጫናት!»

የባሌ ወንድም ነው ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ታንኩ ሲበየድ ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የበየደው ባሌ ነው። «ክብደት ከኋላ ነው የሚያምረው» እያለ፣ አርባ ዓመት በለመደ እጁ።

በማግስቱ ወርክሾፑ ሄድኩ። ወንድሙ በርሜል ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«ታንኩ የተቀመጠበት ቦታ ስሕተት መሆኑን ታውቃለህ?»

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና «አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሲበየድ ጀምሮ፣ እትዬ።»

«አልነገርከውም?»

«ነግሬዋለሁ። ‹አንተ ቀለምህን ቀባ› አለኝ። ከዚያ ታመመ። የታመመ ሰው ምን ይባላል? ሲሞትስ? ሠራተኛው ፊት ወንድሜ ተሳስቷል ልበል? አፈሩ ሳይደርቅ?»

«ስለዚህ እኔን ሚዛን አደረግኸኝ።»

«ቀልድ ነበር።»

«ሰባት ሰው ፊት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አለ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። አየሁት። የወንድሙን ስሕተት ብቻውን ተሸክሞ ዓመት መክረሙን፣ ያን ቀን በጭንቀት ላቡ ሲወርድ የወንድሙን ስም ከሚያነሣ እኔን መጣል እንደቀለለው ገባኝ። ሌላም ነገር ገባኝ። ባሌም ስሕተቱ ሳይገባው አልቀረም። ተነሥቶ ታንኩን የሚቆርጥበት አቅም ሲያጣ ነው ላሜራዎቹን የሣላቸው። ይህን የነገረኝ የለም፤ ባሌን ግን አውቀዋለሁ።

ለወንድሙ አዘንኩለት። ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ ጠጣ አልኩት። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላልኩትም።

ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ላሜራ ላስገጥም ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ መጀመሪያ ክብደቱን የት እንዳስቀመጥክ እይ እለዋለሁ። ሁለት ሆነህ ቀስ እያልክ የምትሄድ ከሆነ ይቅርብህ። ሰው የምትጭን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚያገኝህ ከሆነ ግን አስገጥም፤ እየሄድክ ከፍ ዝቅ የምታደርግበት የሚዞር ብሎን ይኑረው።

በሳምንቱ ሰኞ ጀልባዋን በመኪና አስጭኜ ወደ ቃሊቲ አስመጣሁ። ሠራተኞቹን ሰበሰብኩና ታንኩን ያለ ቦታው ያስቀመጠው ባሌ መሆኑን፣ ሜትሩን የያዝኩትም እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ታንኩ ተቆርጦ ወደ መሃል መጣ። ላሜራዎቹም ተገጠሙ። የባሌን ወንድም ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ ላይ አሳፍሬው አላውቅም።