ግራ እጅ ሲራመድ

ባለፈው ሳምንት ፒያኖ የማስተምራት አንዲት ልጅ፣ በቀኝ እጇ የትዝታ ቅኝት ዜማ እያንቆረቆረች በግራዋ ግን ያንኑ አንድ ወፍራም ድምፅ ዱም፣ ዱም፣ ዱም እያደረገች ስትደበድበው፣ ሳላስበው «ገበያ ስትሄጂ ደጃፍሽ ላይ ቆመሽ ትዘያለሽ እንዴ?» አልኳት። አባባሉ የእኔ አልነበረም፤ ሰበታ ውስጥ ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት ይኖሩ የነበሩት የዓይነ ስውሩ አስተማሪዬ የኦቦ ደሜ ነበር።

ኦቦ ደሜ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ከአንድ ልጃቸው ከሌንሳ ጋር ይኖሩ ነበር። አሮጌው ፒያኖ የሳሎኗን ግማሽ ስለያዘው እንግዳ የሚቀመጠው አልጋው ጫፍ ላይ ነው። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤዙ፣ የግራ እጁ ወፍራም ድምፅ፣ መራመድ አለበት ይሉኝ ነበር፤ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው በመሀል ያሉትን ቁልፎች እየረገጠ፣ ዜማው ትንፋሽ ሲወስድ መልስ እየሰጠ፣ ሲሻው ደግሞ ቀድሞ ደርሶ እየጠበቀ። ያንኑ ሃያ ጊዜ ሲያስደግሙኝ ሌንሳ ከጓዳ ሆና «አባ፣ ሀያትን ዛሬ ጅማ ድረስ በእግሯ ልታስኬዳት ነው?» ትልና ሦስታችንም እንስቃለን።

የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊወስድ ነው ተብሎ አገሩ በታመሰበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ዋለ። ሌንሳ «ጓደኛዬ ጋ ደርሼ መጣሁ» ብላ ወጥታለች። እኔ እናቴን ለምኜ ባዶውን አስፋልት ተሻገርኩ፤ የሚጣራ የታክሲ ረዳት የለም፣ ጋሪ የለም፣ ውሻ እንኳ አይጮኽም።

መጫወት እንደጀመርኩ ኦቦ ደሜ እጃቸውን አነሱ።

«ቁሚ። ከታች የሚመጣውን ስሚ።»

ምንም አልሰማሁም። መዳፌን ይዘው ፒያኖው እንጨት ላይ አሳረፉት። ማንም ቁልፍ ሳይነካ ወፍራሞቹ ክሮች ውስጥ ለውስጥ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ የሚያንኮራፋ ሰው ደረት የነካሁ መሰለኝ።

«ከባድ መኪና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ብዙ ነው።»

ጥቂት ቆይቶ ከወደ ገበያው ተኩስ ተንጣጣ፤ የሚሮጡ እግሮች ተሰሙ፤ ከዚያ ሁሉም ጭጭ አለ።

«ተጫወቺ» አሉኝ። «ግራ እጅሽን ጠንከር አድርጊው። ሌንሳ ከሰማችው ቤት ሰው እንዳለ ታውቃለች።»

ጣቶቼ በላብ እየተንሸራተቱ ቤዙን አስኬድኩት። ድንገት ፊታቸው በራና ወደ በሩ ዞሩ።

«ዱፍቴ?» አሉ በኦሮምኛ። «መጣሽ፣ የኔ ልጅ?»

በሩ ዝግ ነበር። ማንም አልነበረም።

«ጫማዋን እያወለቀች ነው» አሉኝ ፈገግ ብለው፤ ከዚያም የሚያልፍ ሰው እንደሚከተሉ ፊታቸውን ከበሩ እስከ ጓዳው ቀስ እያሉ አዞሩ። «ደክሟታል፣ ትረፍ። አንቺ ቀጥይ።»

ማንም የለም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከጓዳው መጋረጃ ሳልነቅል ተጫወትኩ። መጋረጃው አልተነቃነቀም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ሌንሳ ገበያው አጠገብ በጥይት ተመትታ ወድቃ ነበር። ኦቦ ደሜ ተናግረው እንዲጨርሱ እንኳ አልፈቀዱላቸውም።

«ተሳስታችኋል፤ ሌንሳማ ጓዳ ተኝታለች። ሀያትን ጠይቋት፣ ስትገባ እዚሁ ነበረች።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አልመጣችም፣ ኦቦ» አልኩ።

ፊታቸውን እንደገና ወደ ጓዳው አዞሩ። ከዚያ እንደ ሕፃን በቀጭን ድምፅ፣ «ታዲያ የገባችው ማን ነበረች?» ብለው ጠየቁ።

ዓመት ሳይሞላቸው ሱሉልታ እህታቸው ዘንድ ሄደው እዚያው አረፉ። ቤቱ ፈርሶ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ እኔም የሌንሳን ዕድሜ አልፌ ልጅ ወልጃለሁ። የጠፋውን ሁሉ ስቆጥር ግን ከቤቱም ከፒያኖውም ይልቅ የምትቆረቁረኝ ያቺ አንድ ሰዓት ናት፤ ኦቦ ደሜ ልጃቸው በሰላም የገባችላቸው አባት የነበሩባት ሰዓት። በዝምታዬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ በሁለት ቃል የነጠቅኳቸውም እኔው።