መርዶ ነጋሪ መታወቂያ አይጠየቅም

ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ሥልሳ ሦስት ዓመቴ። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መታወቂያ ሳያሳይና መዝገቤ ላይ ሳይሰፍር ያለፈኝ ሰው የለም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አንድ ስም ለመጻፍ ጊዜ ይፈጅብኛል። ሰዉ ተሰልፎ ያጉረመርማል። ያጉረምርም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ አንድ ቀን መታወቂያውን ረስቶ ቢመጣ ቤቱ መልሼዋለሁ።

ልጄ ያን ጊዜ ማስተርስ ትማር ነበር። ትምህርት ቤቱ ባሕር ማዶ ነው፤ እሷ ግን ሲቀላ ሰፈር ካለው ቤታችን ሳትወጣ በላፕቶፕ ነው የምትማረው። ምንድነው የምትማሪው ብላት፣ ሌባ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳይገባ መጠበቅ ነው አለችኝ።

«ዘበኝነት ነው በዪኛ» አልኳት።

«አዎ አባዬ፣ ዘበኝነት ነው» ብላ ሳቀች።

ሁለት ዓመት ተምራ የቀራት የመጨረሻው ፕሮጀክት ብቻ ነበር። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የማላውቀው ወጣት መጣ። ጥቁር ለብሷል፤ ነጠላውን አዘቅዝቋል። መታወቂያ ብዬ እጄን ስዘረጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አባባ፣ መርዶ ይዤ ነው። ሒሳብ ክፍል ላለችው ሴትዮ። እናቷ አርፈዋል።»

እጄን ሰበሰብኩ። እናቷ ኦቾሎ መንደር ታመው እንደተኙ ሁላችንም እናውቅ ነበር። መርዶ ነጋሪ ደግሞ መታወቂያ አይጠየቅም። በር ላይ አቁመህ ካነጋገርከው ወሬው ከሱ ቀድሞ ይገባል፤ ባለሐዘኗ ሳትዘጋጅ ትሰማለች። «ግባ ልጄ» ብዬ ራሴ ከፈትኩለት። ሰው የሌለበት ክፍል አስቀምጬው የሚቀርቧትን ልጠራ ሄድኩ።

ሁለት ጓደኞቿን ለብቻ ወስጄ ነገርኳቸው። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብተው አፋቸውን በነጠላ ይዘው አለቀሱ። ባለሐዘኗ ቤቷ እስክትደርስ መርዶ አይነገርም፤ አንዷ መኪና ልትለምን ወጣች። ሌላዋ ፊቷን ታጥባ ወደ ሒሳብ ክፍል ተመለሰች። ፊት ይታጠባል፣ ዓይን ግን አይታጠብም። ሴትዮዋ የጓደኛዋን ዓይን አይታ «እናቴ!» ብላ ጮኸች፤ ከነወንበሩ ወደቀች።

ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ «ውሸት ነው! ሰውዬው ተሳስቶ ነው፤ ሌላ ሰው ነው የፈለገው!» አለ። ኦቾሎ ተደወለ። እናትየው ራሳቸው አነሱ። እኔ ወጣቱን ፍለጋ ብሄድ ክፍሉ ባዶ ነው።

ከሥራ ስመለስ ልጄ ደጃፉ ላይ ወረቀት ይዛ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ ልጁን የላክሁት እኔ ነኝ።»

ፕሮጀክቱ እሱ ነበር። የማይታወቅ ሰው የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮች ጋ መድረስ ይችል እንደሆነ መሞከር። ሥራ አስኪያጁ ለማንም እንዳይነገር ብሎ በደብዳቤ ፈቅዶላታል። ልጁም እኔ ሰው ልጠራ ስሄድ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ሰክቶ ወጥቷል።

«መርዶ በል ያልሽውስ አንቺ ነሽ?»

ወረቀቱን አጣጠፈች።

«አንቺ ነሽ?»

«በሌላ ነገር እንደማያስገቡት አውቃለሁ» አለች።

እዚህ ላይ ነደደኝ። እሷ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። የትምህርት ቤቱ ሕግ ነው፦ የተታለለ ሰው ኋላ እውነቱ ተነግሮት፣ ይጻፍ ብሎ ካልፈረመ የሱ ነገር ከፕሮጀክቱ ይወጣል። ማስረከቢያው በማግስቱ ስድስት ሰዓት ነው።

«ይሄ ከወጣ የሚቀረኝ ነገር የለም። እወድቃለሁ» አለች።

«ሴትዮዋ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ሰው ተሳስቶ ነው ተብላለች። እኔ እኮ እርስዎ ያስገቡታል እንጂ ለሰው ይናገራሉ ብዬ አላሰብኩም። እናቷ መታመማቸውንም አላወቅኩም።»

«መርዶ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው የት አይተሽ ነው? ሄደሽ ንገሪያት። ከዚያ እፈርማለሁ።»

እኛ ጋሞዎች ጎሜ የምንለው አለ። የማይደረግ ነገር ከተደረገ፣ በአፍ ወጥቶ እስኪነገር ድረስ ከቤት አይለቅም። መናገሩን ቄሱ ንስሐ ይሉታል፤ ለእኔ አንድ ነው። በሕይወት ያለችን እናት ሞተች ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በሩን የከፈትኩትም እኔ ነኝ።

«ተናዳ ብትከስ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ይነጥቀኛል» አለች። «ሁለት ዓመት ነው አባዬ!»

«ይንጠቅሽ።»

«አስቀድመው ይፈርሙልኝ፤ ካስረከብኩ በኋላ እነግራታለሁ።»

«አትነግሪያትም። እኔ ነኝ የወለድኩሽ፣ አውቅሻለሁ።»

«እርስዎ የተናደዱት ስለተታለሉ ነው! ስምዎ እንዳይነሳ ነው!»

ቃሏ ቆነጠጠኝ፤ ግማሹ እውነት ነበር።

«ጻፊው ስሜን! ዘበኛው ሞኝ ነው በዪ። ለምን እንዳስገባሁትም ግን ጻፊ።»

«ስም አይጻፍም፤ የበር ጥበቃ ነው የሚለው።»

«እዚያ በር ላይ ከእኔ ሌላ ማን አለ?»

ሚስቴ እራት አቀረበች፤ ማናችንም አልነካነውም። «ሁለታችሁም አንድ ድንጋይ ናችሁ» ብላ ሳህኑን አነሳች። ልጄ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀመጠች፤ ጣቶቿ ግን አይጽፉም ነበር። ልፈርምላት ሁለት ጊዜ አሰብኩ። አልፈረምኩም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወረቀቱን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ማንንም ሳልጠብቅ ወጣሁ። የሴትዮዋ ቤት ከእኛ ሩቅ አይደለም። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ የልጄን የእግር ኮቴ ሰማሁ። አልዞርኩም።

ሴትዮዋ በሩን ከፍታ በዚያ ሰዓት ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ስታይ ደረቀች።

«ደህና ናቸው! እናትሽ ደህና ናቸው!» አልኩ ከሩቅ።

ልጄ ቀደመችኝ። በጋሞኛ ጀመረች፣ ሁሉንም ተናገረች። ስድስት ሰዓት ላይ እንደምታስረክብ እንኳ አልደበቀችም። ሴትዮዋ መቃኑን ይዛ ሰማቻት።

«ማስተርስ ለመያዝ እናቴን ገደልሻት?»

«አዎ» አለች ልጄ።

ሴትዮዋ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ የተላጠ ጉልበቷን አሳየቻት። መልሳ ሸፈነችውና «አስረክበሽ ስትጨርሺ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እገባለሁ። አንቺም መጥተሽ ይህንኑ በሱ ፊት ትደግሚያለሽ» አለቻት።

«እመጣለሁ።»

«አባባ፣ እርስዎስ ምን ቀርቶዎት ነው የቆሙት?»

«እስክሪብቶ አለሽ?» አልኳት።

ገብታ አመጣችልኝ። ወረቀቱን ደረጃዋ ላይ ዘርግቼ ተንበረከክሁና ስሜን ፊደል በፊደል ጻፍኩ። ልጄ ሰዓቷን እያየች ቆማ ጠበቀችኝ።